መልስ፦ የጠነሰስኩት ወይን ገነፈለ፣ ተበላሸ ማለት ነው?

አይዞህ ወንድሜ፣ አልተበላሸም። በሁለተኛው ቀን አረፋ ደፍቆ ከጀሪካኑ የገነፈለው እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ጋዝ ስለሚያወጣ ነው። ለሚቀጥለው ሩቡን ባዶ ተው። ክዳኑን ግን ጥርቅም አድርገህ እንዳትዘጋው፣ ጋዙ መውጫ ካጣ ይፈነዳል! በክዳኑ ቀጭን ጎማ አስገባና ሌላውን ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከረው፤ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ታየዋለህ።

እኔን የሚያሳስበኝ የድሬ ሙቀት ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን እርሾው ይደክምና ስኳሩን ሳይጨርስ ሊቆም ይችላል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ጀሪካኑን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቁመህ እርጥብ ፎጣ አልብሰው። ሐረር ዘመድ ካለህማ እዚያ ጠንስሰው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል።

ቡልቅታው ሲረግብ አተላውን ሳትነካ ወደ ንጹህ ዕቃ ገልብጠህ እስከ አፉ ሙላው፤ አየር ካገኘ ኮምጣጤ ይሆንብሃል። መጀመሪያ ላይ ይጎመዝዛል፣ ጥቂት ወራት ታገሰው።