ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ሌባ ከገባ ወዲህ ቤቴ ቤቴ አልመስል አለኝ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። ከአምስት ሳምንት በፊት ሁላችንም ከቤት በወጣንበት ሰዓት ሌቦች የመኝታ ቤቱን መስኮት ሰብረው ገቡ። ወርቄን፣ ኮምፒውተርና ጥቂት ገንዘብ ወሰዱ። ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እኔ ሰው አልሆንኩም። ማታ ማታ ከአሥር ጊዜ በላይ እየተነሣሁ በሩን አያለሁ። ኮሽ ባለ ቁጥር ልቤ ድው ድው ይላል፤ ላብ ያጠምቀኛል። የመኝታ ቤቱን ትቼ ሳሎን ሶፋ ላይ መብራት አብርቼ አድራለሁ። ቁም ሣጥኔን በርብረውት ስለነበር ልብሶቼን ሦስት አራት ጊዜ አጥቤያቸዋለሁ፤ ያም ሆኖ ስለብሳቸው ይቀፈኛል። ባለቤቴ «ንብረት ነው፣ ይተካል፤ እኛ ደህና ነን» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ግን ሰውነቴ አልሰማ አለኝ። የስምንት ዓመት ልጄም ብቻዋን መተኛት ትታለች። ጎረቤቴ ዲያዜፓም የሚባል ኪኒን ሰጥታኝ በየማታው እወስዳለሁ፤ ያስተኛኛል፤ ስነቃ ግን ያው ነኝ። ቤት እንቀይር? ወይስ እያበድኩ ነው?

መልስ፦ እያበዱ አይደለም። በደብዳቤዎ ውስጥ ሕመምዎን በትክክል የገለጸው «ሰውነቴ አልሰማ አለኝ» ያሉት ነውና ከዚያ ልጀምር።

አንጎላችን ውስጥ፣ በጆሮ ትይዩ ጠለቅ ብሎ፣ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ዋና ሥራው አደጋን ቀድሞ ማወቅ ነው። ኮሽታ ሲሰማ፣ አመዛዛኙ የአንጎል ክፍል «ድመት ትሆናለች» ብሎ ሳይጨርስ፣ እርሱ ሰውነትን ያስነሣል፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይሮጣል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ላብ ይመጣል። ቤትዎ ከተሰበረ ወዲህ ይህ ክፍል መስኮቱን፣ የሌሊቱን ጸጥታ፣ የቁም ሣጥኑን ሲጥሲጥታ ሳይቀር «አደገኛ» ብሎ መዝግቧቸዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ይኸው ነው። ምክር ደግሞ አይገባውም። ባለቤትዎ ሺህ ጊዜ «ደህና ነን» ቢሉት አያምንም፤ የሚያምነው የሆነውን ብቻ ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ ቆይተው፣ ኮሽታውን ሰምተው፣ ምንም ሳይሆን ሲቀር፣ ይህም ሲደጋገም፣ ቀስ በቀስ ይለቃል። ከዚህ በታች የምመክርዎት አብዛኛው ነገር ከዚህ የመነጨ ነው።

ባለቤትዎ የሚናገሩት ከፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ግን የተወሰደብዎት ወርቅ ብቻ አይደለም። ቤት ማለት ሰው ራሱን ሳይጠብቅ ልብሱን የሚያወልቅበት፣ ዓይኑን የሚጨፍንበት፣ ልጁን አስተኝቶ ወደ ሌላ ክፍል የሚሄድበት ስፍራ ነው። እዚያ ውስጥ የማያውቁት ሰው ገብቶ የውስጥ ልብስዎን በእጁ ገለባበጠ። ይህ ያማል። «ይተካል» መባሉ ሕመሙን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ዝም ያሰኝዎታል። ይህን ገጽ ለባለቤትዎ ያሳዩአቸውና «ንብረት ነው» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ማታ ምን አስፈራሽ?» ብለው ይጠይቁዎት፤ መፍትሔ ሳያቀርቡም ይስሙዎት።

የልብሱም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሚቀፍዎት እድፍ አይደለምና ሳሙና አይደርስበትም። ገመናቸው የተደፈረ ሰዎች እንዲህ ያለ የመርከስ ስሜት እንደሚሰማቸው በሙያችን የታወቀ ነው፤ ማጠቡ በተደጋገመ ቁጥርም ስሜቱ ሥር ይሰዳል። ስለዚህ ከእንግዲህ ልብሱ ሲቆሽሽ እንጂ ሲቀፍዎት አይጠቡት። አንዱን ቀሚስ መርጠው፣ እየቀፈፈዎትም ቢሆን፣ ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን ይልበሱት። በሚቀጥለው ቀን እንደገና።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ፤ ሌሊትዎን የሚበላው እርሱ ነውና።

በመጀመሪያ ፍርሃትዎ መሠረተ ቢስ እንዳልሆነ ልንገርዎ። ወንጀልን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው እንዳረጋገጡት፣ አንድ ጊዜ የተሰበረ ቤት በቀጣዮቹ ሳምንታት እንደገና የመሰበር ዕድሉ ከሌሎች ቤቶች ከፍ ይላል፤ ጊዜ ሲያልፍ ይቀንሳል። እናም የተሰበረው መስኮት በካርቶን ተሸፍኖ ከሆነ ዛሬውኑ በደንብ ይሠራ። የጠፋ ቁልፍ ካለ ጋኑ ይቀየር። መወርወሪያው የላላ ከሆነ ይጥበቅ። ይህ ሁሉ በቀን ብርሃን፣ አንድ ጊዜ፣ በሚያውቅ ሰው ይሠራና ያብቃ። እርስዎን እያደከመዎት ያለው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ጤነኛ ሰዎች በኮምፒውተር ላይ የተሠራ የጋዝ ምድጃ መዘጋቱን ደጋግመው እንዲያረጋግጡ ተደረገ። ውጤቱ ብዙዎች ከሚገምቱት ተቃራኒ ነበር። ደጋግመው ያዩት ሰዎች ምድጃውን መዝጋታቸውን የሚያስታውሱት በደበዘዘ ሁኔታ ነበር፤ በትዝታቸው ላይ ያላቸው እምነትም ወረደ። አሥረኛው ጉዞ የመጀመሪያውን ያደበዝዘዋል ማለት ነው። «ዘጋሁት? ወይስ የዘጋሁት ትናንት ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚወለደው ከመፈተሹ ራሱ ነው። እርስዎ ደግሞ በሩን አይተው ሲመለሱ ለአፍታ ቀለል ይልዎታል፤ አንጎልዎም «ደህና ያደርነው ስላየሁት ነው» ብሎ ይደመድማል። ባያዩትም ደህና ያድሩ እንደነበር የሚማርበት ዕድል አያገኝም።

እንዲህ ያድርጉ። ማታ አንድ ቁርጥ ያለ ሰዓት ይምረጡ። ወደ በሩ ሄደው በዝግታ መወርወሪያውን ይግፉ፤ ብረቱ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ያዳምጡ፤ በጣትዎ ቅዝቃዜውን ይንኩና ድምፅ አውጥተው «ዘግቻለሁ» ይበሉ። ከዚያ ይሂዱ። እንደገና የመነሣት ፍላጎቱ ይመጣል፤ ደረትዎ ይጨነቃል። ይቆዩት። ጭንቀት ይወጣል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው ራሱ ይወርዳል፤ ይህን በራስዎ ሰውነት ማየት አለብዎት። በአንድ ሌሊት ከአሥር ወደ አንድ መውረድ ቢከብድዎት በዚህ ሳምንት አምስት፣ በሚቀጥለው ሁለት፣ ከዚያ አንድ ያድርጉት። ባለቤትዎን ግን «አንተ እየው» ብለው አይላኳቸው፤ በሌላ ሰው እግር የተደረገም ያው ፍተሻ ነው። በእጅ ስልክ የካሜራ ምስል እየከፈቱ ማየትም እንዲሁ።

ወደ መኝታ ቤትዎ ሲመለሱም በደረጃ ይሁን። ሳሎን መተኛትዎ ዕረፍት አልሆነልዎትም፤ በዘበኝነት ማደር ነው። መጀመሪያ በቀን፣ በሩን ከፍተው፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ አንድ ሥራ ይሥሩ፤ ልብስ ይጠፉ፣ መጽሐፍ ያንብቡ። አልጋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ቢያዞሩት መልካም ነው፤ ክፍሉ የእርስዎ ምርጫ ይታይበታል። ቀጥሎ አመሻሽ ላይ፣ ከዚያ ማታ ከባለቤትዎ ጋር በትንሽ መብራት፣ በመጨረሻም መብራቱን አጥፍተው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩት ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ አይደለም፤ ያን ከጠበቁ አይሻገሩም። ከመጀመሪያው ቀን ግማሽ ያህል ሲቀልልዎት ይበቃል።

እንቅልፍን በተመለከተ አጭር ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሡ፣ ሌሊቱ የቱንም ያህል ቢከፋ። ቡና ከቀትር በኋላ ይቅር፤ ከጠጡት ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ደምዎ ውስጥ ነው። መጠጥ ቶሎ ያስተኛና ሌሊቱን ይቆራርጠዋል። ኻያ ደቂቃ ያህል ተኝተው እንቅልፍ ካልመጣ ይነሡ፣ የሚያሰለች ነገር ያንብቡ፣ ሲያንጎላጅዎት ይመለሱ። ልብዎ ሲመታ አየር በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ልጅዎ የምታነበው ፊትዎን ነው። የስምንት ዓመት ልጅ «ምንም የለም» ተብላ እናቷ ሌሊቱን ሙሉ በር ለበር ስትዞር ካየች የምታምነው ዓይኗን ነው። እውነቱን በአጭሩ ይንገሯት፦ ሌቦች ገብተው ነበር፣ ዕቃ ወሰዱ፣ ማንንም አልነኩም፣ መስኮቱ ተሠርቷል። የተሠራውን መስኮት ያሳዩአት፤ በእጇ ትንካው። ማታ እስክትተኛ አጠገቧ ይቀመጡ፣ ወንበሩንም በየጥቂት ቀኑ ወደ በሩ ያራቁት። አልጋ ላይ ብትሸና ወይም እንደ ሕፃን ብታለቅስ አትቆጧት፣ አትቀልዱባትም፤ የተጨነቀ ልጅ እንዲህ ያደርጋል። ችግሩ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከቆየ ወይም ትምህርቷን ከነካ ሐኪም ይያት።

ቤት መቀየሩን ለጊዜው ያቆዩት። የሚያውቁት ሰው እየዛተብዎት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ለፖሊስ ያመልክቱ፣ ከቤቱም ይራቁ። እንዲያ ካልሆነ ግን ፍርሃቱ ሳይታከም ከሄዱ አዲሱ ቤትም በርና መስኮት አለው። ሲሻልዎት የሚወስኑት ውሳኔ የእርስዎ ይሆናል።

አሁን አምስተኛው ሳምንት ላይ ነዎት። ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ እየረጋ ይመጣል፤ ወር አልፎት ያልረጋ ሰው ግን መታየት አለበት። ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚከተል የጭንቀት ሕመም፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ ስም አግኝቶ የገባው፣ በዛሬው መለኪያ ሕይወትን፣ አካልን ወይም የፆታ ክብርን ያሰጋ አደጋ ይጠይቃል፤ እርስዎ በሰዓቱ ቤት ስላልነበሩ ሐኪምዎ ሌላ ስም ሊሰጠው ይችላል። ስሙ ግን ሕክምናውን አያስቀርብዎትም። ሌሊትዎንና ቤተሰብዎን የነካ ጭንቀት ነውና እርዳታ ይገባዋል። ከሁሉ የተሻለው በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ፣ ፍርሃትን በደረጃ መጋፈጥ የሚያስተምር የንግግር ሕክምና ነው፤ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ወራት በየሳምንቱ ይካሄዳል። መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪሙ እንደ ሰርትራሊን ያለ ሊያዝልዎት ይችላል፤ እርሱም ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል። የልብ ምት መፍጠን፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም ይታያልና የደም ምርመራ ይጠይቁ። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ለሰው ይንገሩና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ኪኒኑን ለመጨረሻ ያቆየሁት ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ዲያዜፓምና መሰሎቹ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለጭንቀትም ሆነ ለእንቅልፍ ማጣት እንዳይሰጡ መክሯል። ሱስ ያስይዛሉ፤ አንጎል «ቤቱ ደህና ነው» ብሎ የሚማረውንም ሊያውኩት ይችላሉ። ነገር ግን በየማታው ሲወስዱት ከቆዩ ዛሬ በአንድ ጊዜ አያቁሙት፤ ድንገት ማቋረጥ ጭንቀቱን ሊያብስ፣ አንዳንዴም የሚጥል ሕመም ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ከመጠጥ ጋር በፍጹም አይውሰዱት፤ ወስደውም መኪና አይንዱ። ስንት ሚሊግራም እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስዱት በወረቀት ጽፈው፣ ኪኒኑንም ከነማሸጊያው ይዘው በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ቀስ በቀስ እየቀነሱ የሚያቆሙበትን መንገድ እርሱ ያወጣልዎታል።