ሪሆቦት ቢች ስትሄዱ አንድ ምሳ ለከተማዋ አስቀሩ

የዲሲ አካባቢ ሐበሻ ባሕር ሲያምረው ወይ የሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ ነው ወይ የደላዌሯ ሪሆቦት ቢች። አሄዳችንም ያው ነው። ሌሊት ተነስተን፣ እንጀራውን ጠቅልለን፣ ጥብሱን በፎይል፣ ውሃውን በኩለር ይዘን እንወርዳለን። አሸዋው ላይ ስንጠበስ ውለን ማታ እንመለሳለን። እኔም ስንት ዓመት እንዲሁ ተመላልሻለሁ። ባሕሩን እንጂ ከተማዋን አላውቃትም ነበር።

አንድ ኦገስት እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ይዣት ሄድኩ። ጃንጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ተቀመጠችና "አሁን እዚህ ምን እየጠበቅን ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ተነስተን መዞር ጀመርን።

መጀመሪያ የከተማዋን ስም ወደደችው። በኦሪት ዘፍጥረት ይስሐቅ ጉድጓድ እያስቆፈረ የአገሩ እረኞች ሁለቴ ተጣሉት፤ ያልተጣሉበትን ሦስተኛውን ርኆቦት አለው። ከተማዋን በ1873 የቆረቆሯት የሜቶዲስት ሰዎች ስለነበሩ ስሙን ከዚያ ወሰዱት። አሁን ግን ጠብ አለ፤ በፓርኪንግ። ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ መንገድ ላይ ማቆም በክፍያ ነው፤ በጠዋት ካልደረሳችሁ ቦታም አታገኙም። ከዲሲ ስትመጡ የምትሻገሩት ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅም፣ ዓርብ ከሰዓት አይሞከርም።

ባሕሩ ዳር ካለው የእንጨት መሄጃ፣ ከቦርድዎክ፣ በስተሰሜን ሄንሎፐን ኤከርስ የሚባል ዛፍ የበዛበት ጸጥ ያለ ሰፈር አለ። ሪሆቦት አርት ሊግ እዚያ ነው። ሉዊዝ ኮርክራን የምትባል ሴት ከሌሎች ጋር ሆና በ1938 ያቋቋመችው የሠዓሊዎች ማኅበር ነው። ግቢው ውስጥ በ1743 የተሠራ ቤት አለ። ጎንደር ላይ እቴጌ ምንትዋብ በነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው፤ ለአሜሪካ ትልቅ ዕድሜ ነው። ከሁሉ የገረሙኝ ግን የድሮ ሠዓሊዎች የፈረሙባቸው በሮች ናቸው። እናቴ ቆማ አየቻቸውና "እኛ ቤት በር ላይ የጻፈ ልጅ ይገረፍ ነበር" አለች።

ጋለሪውን ለማየት አይከፈልም። ኦገስት ላይ ደግሞ ሠዓሊዎችና የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ሥራቸውን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ዘርግተው ይሸጣሉ። ሠዓሊው ራሱ ስለሚቆም ጠይቁት። ሥዕሉ ላይ ያለው የቱ ረግረግ ነው? ስንት ሰዓት ላይ ነው ውሃው እንዲህ የሚሆነው? ባትገዙም ቅር አይለውም። መግዛት ካሰባችሁ ቦርድዎክ ላይ የሚሸጠውን ዕቃ ገልብጣችሁ እዩት፤ አብዛኛው ከየት እንደመጣ ሥሩ ላይ ተጽፏል። ኅትመት ከሆነ ደግሞ ጥጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ፈልጉ። 12/50 ካለ ከሃምሳው ቅጂ አሥራ ሁለተኛው ነው። ፍሬም ያልገባለት ይረክሳል፤ ፍሬሙን ቤታችሁ ታስገቡለታላችሁ። ደላዌር ሴልስ ታክስ ስለሌለው የተለጠፈው ዋጋ የምትከፍሉት ነው።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ባሕሩ ፊት ለፊት ካሉት ይልቅ ባልቲሞርና ዊልሚንግተን ጎዳናዎች ላይ ያሉትን ምግብ ቤቶች እመርጣለሁ። ከአሸዋው ትንሽ ገባ ብለው ነው ያሉት። ቢራ ለሚወድ፣ ዶግፊሽ ሄድ የሚባለው ቢራ ጠማቂ የተጀመረው በ1995 እዚሁ ከተማ ነው። የአካባቢው ኩራት ሸርጣን ነው፤ እኛ ቤት ግን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ብዙ ነው። ስለዚህ ከትልልቆች ጋር ከሆናችሁ ሜኑውን ቀድማችሁ እዩላቸው። አንዲት ዘመዳችን "ክራብ ኬክ" የሚለውን አይታ ኬክ መስሏት አዛለች። ፍላውንደር ወይም ሮክፊሽ የሚባል ዓሣ ካለ እሱን ጠይቁ። ከሽሪምፕ ጋር በአንድ ዘይት እንደማይጠበስም አጣሩ፤ አስተናጋጁ አይገርመውም፣ አለርጂ ያለበት ሁሉ ይጠይቃል።

የሐበሻን ዓመት የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ እንቁጣጣሽ አካባቢ ያለውን ቅዳሜና እሑድ ያዙ። ሌበር ዴይ ስላለፈ ሆቴሉ ይረክሳል፣ ሰዉ ይቀንሳል፣ ውሃው ግን ገና አልቀዘቀዘም።

እኔና እናቴ የሄድነው ግን በፍልሰታ ነበር። ዓሣም የለም፣ ቅቤም የለም። ምን ላብላት እያልኩ ቦርድዎኩ አጠገብ ትራሸርስ የሚባል ሱቅ ፊት ቆምን። ከ1929 ጀምሮ ድንች ብቻ የሚጠብስ ነው፤ የመጀመሪያው ሱቁ ኦሽን ሲቲ ነው ያለው። ዘይቱ የኦቾሎኒ ነው፤ አለርጂ ያለበት እንዳይጠጋው። ኬቻፕ የለም፤ ጨውና ኮምጣጤ ብቻ። አንድ ባልዲ ገዝተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እናቴ አንድ ቀመሰች። ሁለተኛ ቀመሰች። "ጾም ነው አይደል?" አለች። አዎ አልኳት። ቦርሳዋን ከፈተችና በመሐረብ የተቋጠረች ሚጥሚጣ አወጣች። ከቦሌ ጀምሮ ይዛት ነበር።