«ተጫወትን» እያለ ለሚመለስ ልጅ

ጥያቄ፦ የምኖረው በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ከተማ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። 5 ዓመት የሞላውን ልጄን በመስከረም መዋዕለ ሕፃናት ባስገባውም ጥር ደርሶ እንኳ ፊደል አይለይም። ማታ «ምን ተማርክ?» ስለው «ተጫወትን» ይለኛል፤ እጁም ልብሱም ጭቃ ሆኖ ይመጣል። እኩያው የሆነው የወንድሜ ልጅ ግን የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ሀሁን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዘልቀዋል። ባለቤቴ «አውጥተን የኔታ ዘንድ እንውሰደው» እያለኝ ነው። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቱ ባለፈው ኅዳር፣ ጤፍ አጨዳ ላይ ሳለን፣ ወጥታችሁ አጥር እጠሩ ብሎ ጠራን፤ አሁን ደግሞ አማቴ መጥተው ለልጆቹ ተረት እንዲነግሩ ጠይቋል። ልጃችንን የላክነው ሊያስተምሩልን ነው ወይስ እኛው ልናስተምርላቸው?

አንዲት እናት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልብስ የሚያጥቡት እርስዎ ስለሆኑ ከጭቃው እንጀምር። የ5 ዓመት ልጅ የእጅ አንጓ አጥንቶች ገና በመጠንከር ላይ ያሉ ናቸው፤ እርሳስ ይዞ ሳይንቀጠቀጥ መስመር ለማስመር የሚያስፈልገውን ጉልበት ጣቶቹ የሚያገኙትም በመጨበጥ፣ በማቡካትና በማድቦልቦል ነው። ጭቃ አቡክቶ ጀበና የሚሠራ ልጅ እጀታውን ከሆዱ ጋር ለማጣበቅ ሲታገል፣ ሲወድቅበት እንደገና ሲያነሣ፣ በኋላ «ጀ»ን ለመጻፍ የሚጠቀምባቸውን ጣቶች እያሠለጠነ ነው። ቆርኪ በየቀለሙ መደርደር፣ ባቄላና በቆሎ ለይቶ በየጣሳው መክተት፣ ከዚያም የትኛው ጣሳ እንደሚበዛ መቁጠር እንዲሁ ለተመልካች ጨዋታ ይምሰል እንጂ የሒሳብ መጀመሪያ ነው። ልጅዎ «ተጫወትን» ማለቱም እውነቱን ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የዋለበትን ሥራ ትምህርት ብሎ አይጠራውም።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ፣ ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት ጎጃም ተቀምጦ የየኔታን ትምህርት ማቃለል የሚቻለው ሰው አይኖርም፤ እኛም አናደርገውም። ነገር ግን ሀሁን በዜማ መዝለቅና ፊደል መለየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የኔታዎች ራሳቸው አሳምረው ያውቁታል። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ አንድ ሕፃን በዜማው ተሸክሞ፣ ዓይኑ ገበታው ላይ ሳያርፍ፣ እስከ መጨረሻው ሊደርስ ይችላል። ተማሪው እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነካ እንዲቆጥር የሚደረገው ለዚህ ነው። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣውም እንዲሁ ነው፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ፊደሉም ድምፁም በአንድ ጊዜ ስለሚቀያየር፣ በቃሉ ብቻ ይዞት የነበረ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። የወንድምዎን ልጅ ሳያሳፍሩ፣ እንደ ጨዋታ አድርገው፣ የፊደል ገበታውን በነጠላ ሸፍነው «ቶ»ን ብቻ ገልጠው ያሳዩት። ወዲያው ካወቃት በእርግጥ ፊደል ቆጥሯል፤ ከ«ተ» ጀምሮ እያዜመ ከደረሰባት ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ይህም ለዕድሜው ነውር የለውም።

የመዋዕለ ሕፃናትን ዓላማ በተመለከተ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሕፃኑን ሁለንተናዊ ዕድገትና ለመደበኛ ትምህርት መዘጋጀትን አስቀምጧል፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ መደበኛውን 2 ዓመት አድርጎታል። ልጅዎ እንግዲህ የመጀመሪያውን ዓመት እንኳ አላገባደደም። ባለቤትዎ ቢወድዱ ቅዳሜ ቅዳሜ የኔታ ዘንድ ሊልኩት ይችላሉ፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛ ትልቅ ቦታ የምንሰጠው ግን ልጅዎ እዚያ ከሰው ጋር መዋልን መማሩ ነው። ኩኩሉን ያስታውሱ፦ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ሲል የተደበቁት «አልነጋም!» ይሉታል፤ እርሱም እስኪነጋ ድረስ ዓይኑን ሳይገልጥ ይጠብቃል። መጠበቅ ለ5 ዓመት ልጅ ከባድ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ እናቱ ቀድማ ትሰጠዋለች፣ አያቱ ይደርቡለታል፤ ዥዋዥዌው ላይ ግን ከፊቱ ስድስት ልጆች ተሰልፈዋል። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባልና ቡሬን፣ ደምበጫን ወይም ማንኩሳን ሰጥቶ መሸነፉን ሳያለቅስ ይቀበላል፤ በዚያውም የአገሩን ስም ይማራል። (ደብረ ማርቆስን አልሰጥም ብሎ ያለቀሰ ልጅ እናውቃለን፤ አክስቱ እዚያ ስለምትኖር ነው።)

ይህን ስንል ጨዋታ የተባለ ሁሉ ትምህርት ነው ማለታችን አይደለም። መምህሯ ስለሌለች ሜዳ ላይ የተለቀቁ ልጆችና መምህሯ አብራቸው ተቀምጣ «የትኛው ጀበና ብዙ ውሃ ይይዛል?» እያለች የምታጫውታቸው ልጆች ሁለቱም ማታ «ተጫወትን» ብለው ይመለሳሉ። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት ሳይነግሩ ይሂዱና አንድ ሰዓት ያህል ዳር ሆነው ይመልከቱ። መምህሯ ልጆቹን በስማቸው ትጠራቸዋለች? የሠሩት ነገር ግድግዳው ላይ ወይም መደርደሪያው ላይ ይታያል? ልጅ ሲሳሳት አርጩሜ ይነሣል ወይስ እንደገና ይሞክራል? አርጩሜ ካዩ ወይም ልጆቹ ያለ ጠባቂ ውለው ካገኙ፣ ባለቤትዎ ልጁን እናውጣው ቢሉ ትክክል ናቸው። ማታ ሲጠይቁትም «ምን ተማርክ?» ከማለት «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ? ምን ሠራችሁ?» ቢሉት ወሬው ይፈታለታል።

ስለ አጥሩ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። በአገራችን ጅጌና ወንፈል የነበረና ያለ ሥርዓት ስለሆነ ወላጅ ለትምህርት ቤት አንድ ቀን መዋሉ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ጅጌ የሚጠራ ገበሬ እንኳ የጎረቤቱን አጨዳ አይቶ ነው የሚጠራው። በኅዳር ጤፍ ማሳ ላይ ያለን ሰው ለአጥር ማስወጣት የቀን መቁጠሪያ ያላየ ሰው ውሳኔ ይመስለናል። ጉዳዩን በወላጅና መምህራን ኅብረት በኩል አንሥተው፣ እንዲህ ያለው ሥራ ውቂያው ካለቀ በኋላ ባሉት ሳምንታት እንዲሆን፣ ጉልበት የሌለውም ምሰሶ ወይም ገመድ በማምጣት እንዲሳተፍ ማስወሰን ይችላሉ።

የአማትዎን ነገር ግን ከዚህ ጋር አይደምሩት፤ እዚህ ላይ ጥያቄው ትምህርት ቤቱን የሚያስመሰግን ነው። መምህሯ ከመጽሐፍ የምታነበው ተረትና አያት «ተረት ተረት» ብለው፣ ልጆቹ «የላም በረት» እያሉ የሚቀበሏቸው ተረት በልጅ ጆሮ አንድ አይደሉም፤ አያቶች የአካባቢውን ቃል፣ የወንዙንና የዛፉን ስም ይዘው ይመጣሉና። ጅቡ ልጅ የሚበላበትን ተረት ለቤት ይተዉትና ጦጣ ጅብን የምታታልልበትን ይንገሩ፤ ሃያ ደቂቃም ይበቃል። ልጅዎንም በዚያን ቀን አያቱ ጉያ ሳይሆን ከጓደኞቹ መካከል ያስቀምጡት። «የእኔ አያት ናቸው» ብሎ ለጎኑ ልጅ ሲያንሾካሹክ አማትዎ መስማታቸው አይቀርም።