ሽሪምፕ የማይበሉ እናት የሜክሲኮ የባህር ምግብ ቤት ሲጋበዙ

እህቴ፣ የባለቤትሽ የሥራ ባልደረቦች በሰፈራችሁ ወዳለው የሜክሲኮ የባህር ምግብ ቤት ጋብዘዋችኋል፤ ከሐዋሳ የመጡት እናትሽ ደግሞ ሽሪምፕ አይነኩም። ምን ይብሉ፣ ጥሬ ነገር ይመጣል ወይ፣ አሳማስ ይገባበታል ወይ ብለሻል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ እነዚህን ቤቶች ለዓመታት ተመላልሼባቸዋለሁ፤ ሽሪምፕ የማይበሉ ዘመዶችንም ይዤ ሄጃለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

እናትሽ ርቧቸው አይመለሱም። የምግብ ዝርዝሩን መጀመሪያ ብቻ እለፊው። እዚያ የሚደረደረው በአብዛኛው ሽሪምፕ፣ ባለ ስምንት እግሩ ኦክቶፐስና ዛጎል ውስጥ ያለው ኦይስተር ነው፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የሚጠይቀው ክንፍና ቅርፊት አንዳቸውም የላቸውም። “ፔስካዶ” ወደሚለው ክፍል ውረጂ፤ ዓሣው ያለው እዚያ ነው። “ሞሃራ ፍሪታ” የሚለው በአሜሪካ ባሉ የሜክሲኮ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ቲላፒያ ነው፤ እናትሽ ቆሮሶ የሚሉት ማለት ነው። ጎኑና ጎኑ ተተልትሎ፣ ከነጭንቅላቱ በዘይት ተጠብሶ፣ ከሩዝ፣ ከሰላጣና ከሎሚ ጋር ይቀርባል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው አሞራ ገደል ዓሣ ሲበሉ ለኖሩ ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ እሾሁን ከአንቺ በተሻለ ያወጡታል። “ባግሬ” የሚል ካየሽ ግን ተዪው፤ የአምባዛ ወገን ስለሆነ ቅርፊት የለውም።

ቤቱ ካለው እኔ የምመርጠው “ፔስካዶ ሳራንዴያዶ” ነው። በሜክሲኮ የፓስፊክ ዳርቻ ካለችው ከናያሪት ግዛት የመጣ ምግብ ነው። ትልቅ ዓሣ ለሁለት ተከፍቶ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፣ ሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ ያለበት ቅባት ይቀባና በሽቦ ፍርግርግ ታስሮ እሳት ላይ እየተገላበጠ ይጠበሳል። ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለው ክፍል ከሁሉ ይጣፍጣል፤ ሰው ሳይቀድምሽ አንሺው። በእጅ እየቆረሱ፣ በበቆሎ ቶርቲያ (ስስ ቂጣ) እየጠቀለሉ ነው የሚበላው፤ አንዱ ዓሣ ለጠረጴዛው ሁሉ መሐል ላይ ስለሚቀመጥ እናትሽ ባዕድነት አይሰማቸውም። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ኢንግልዉድ ያለው ኮኒ ሲፉድ የተባለው ምግብ ቤት ስም ያወጣው በዚህ ዓሣ ነው። ዋጋው በዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈ ከማዘዝሽ በፊት ጠይቂ፤ ሙሉ ዓሣ በአንዳንድ ቤት በሚዛን ይሸጣል።

ስለ ጥሬው፦ አዎን፣ ይመጣል። የሲናሎዋ (ሌላዋ የሜክሲኮ ግዛት) ሰዎች የሚኮሩበት “አጉዋቺሌ” ጥሬ ሽሪምፕ ነው፤ በሎሚና በቃሪያ ተለውሶ ከኪያርና ከቀይ ሽንኩርት ጋር ወዲያው ይቀርባል። “ሴቪቼ” ደግሞ ተከትፎ በሎሚ የቆየ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ነው። ሎሚው ሥጋውን ያነጣዋል፣ ያጠነክረዋልም፤ ጀርሙን ግን እሳት እንደሚገድለው አይገድልም። በሐዋሳ ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበላ ሰው ሞልቷልና እናትሽ የዓሣውን ሴቪቼ ቢሞክሩ አልገረምም። ነፍሰ ጡር ካለች ወይም ሕመም ያለበት ሰው ካለ ግን ይቅርባቸው።

አሳማው የተደበቀው ዓሣው ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ በሚቀርበው ባቄላ ውስጥ ነው። ተፈጭቶ የተጠበሰው ባቄላ በባህሉ የሚሠራው በአሳማ ሞራ ነው፤ ዛሬ በዘይት የሚሠሩም ብዙ ናቸው። “ቲዬኔ ማንቴካ?” (ሞራ አለበት?) ብለሽ ጠይቂ፤ አስተናጋጆቹ ጥያቄውን ለምደውታል። የስንዴ ቶርቲያም ሞራ ሊኖረው ይችላል። የበቆሎው በቆሎ፣ ኖራና ውኃ ነውና እሱን ያዢ።

እናትሽ ጥብቅ ከሆኑ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። ሽሪምፑና ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚጠበሱት በአንድ ዘይት ነው፤ ይህ የሚያስጨንቃቸው ከሆነ በእሳት የተጠበሰውን እዘዢ። ሾርባውንም እንዲሁ ጠይቂ፤ “የዓሣ ሾርባ” የተባለው በሽሪምፕ ልጣጭ ተቀቅሎ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚገርመው ክላማቶ የሚባለው የቲማቲም ጭማቂ ነው፤ ክላም የሚባል ባለ ዛጎል የባህር እንስሳ መረቅ አለበት። ቢራ ውስጥም ኮክቴል ውስጥም ይገባል፤ ማንም ሳያስብ ይጠጣዋል። ለመጠጥ “ሃማይካ” ይዘዙ፤ ከርከዴ ነው።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለእናትሽና ለነፍስ አባታቸው እተወዋለሁ። በጾም ከሄዳችሁ ግን የሳራንዴያዶው ቅባት ብዙ ቦታ ማዮኔዝ እንዳለበት፣ የዓሣ ታኮም (በቶርቲያ የተጠቀለለ ዓሣ) በክሬም እንደሚቀርብ እወቂ። “ሲን ክሬማ” (ያለ ክሬም) ካልሽ ክሬሙን ይተዉልሻል።

ምሳ ሰዓት ሂዱ። ሜክሲኮዎች የባህር ምግብ የቀን ምግብ አድርገው ነው የያዙት፤ ብዙዎቹ ቤቶች ማታ ቶሎ ይዘጋሉ። ቅዳሜና እሑድ ከሆነ “ባንዳ” የሚባል ጥሩምባ የበዛበት የሜክሲኮ ሙዚቃ ስለሚኖር ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ ቦታ ያዙ፤ አለበለዚያ እናትሽ ከጋባዦቹ ጋር አንድ ቃል አይለዋወጡም።

ጠረጴዛው ላይ የሚደረደሩት የጠርሙስ ሶሶች ዳጣ ለለመደ ምላስ ምንም አይደሉም። ጓዳ የሚሠራውን የሃባኔሮ (በጣም የሚያቃጥል ቃሪያ) ሶስ ጠይቂላቸው። ልጆቹ ግን እጃቸው እንዳይደርስበት ከእናትሽ ወዲያ ማዶ ይቀመጥ፤ ለእነሱ አይብ የገባበት ቶርቲያ ይበቃቸዋል።