«ለወጠ»፣ «ተመለሰ» ወይስ «ገባ»?

ጥያቄ፦ «ባህር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የአማርኛ መምህርት ነኝ። አንድ ተማሪዬ ስለ ቤተሰቡ ታሪክ ድርሰት ጻፈ። ቅድመ አያቱ ደንቢያ ውስጥ የኦሪት እምነት ተከታይ ነበሩ። አያቱ ተጠመቁ። አጎቱ ደግሞ ዛሬ እስራኤል ነው የሚኖረው። ተማሪው ‹አያቴ ሃይማኖታቸውን ለወጡ፣ አጎቴ ግን ተመለሰ› ብሎ ጽፏል። አንዱ ባልደረባዬ ‹ሁለቱም ለወጡ ነው መባል ያለበት› አለኝ። ሌላዋ ደግሞ ‹አጎትየው ካደ እንጂ ምን ተመለሰ?› ብላ ተቆጣች። ምን ብዬ ላርመው? አይሁድ፣ አይሁዳዊ፣ ይሁዲ፣ ፈላሻ የሚሉትስ አንድ ናቸው ወይ?»

መልስ፦ ተማሪው ሰዋስው አልሳተም። ባልደረቦችዎም አልሳቱም። ሦስቱን ግሦች የሚለያቸው ተናጋሪው የቆመበት ቦታ ነው።

«ለወጠ» ከደጅ ቆሞ የሚያይ ሰው ግስ ነው። ሰውየው አንዱን ትቶ ሌላውን ያዘ፣ በቃ። የትኛው ቤቱ እንደነበረ ግሱ አይነግረንም። «ተመለሰ» ግን ቤቱ የት እንደሆነ አስቀድሞ ወስኗል፤ የሚመለሰው የሄደ ሰው ነውና። «ካደ» የሚለው ፍርድ ነው። ሰውየው ካደረገው ይልቅ ተናጋሪው ምን ያህል እንደተቀየመ ነው የምንሰማበት። በስብከት ቦታ ሊኖረው ይችላል፤ በታሪክ ድርሰት ግን የለውም።

«ተመለሰ»ን የሚወዱት ሁሉም ወገኖች ናቸው። ካህኑ «ወደ እናት ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ» ይላሉ። የአጎትየው ወገኖች «ወደ አባቶቻችን ሃይማኖት ተመለስን» ይላሉ። ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች ደግሞ ግሱ የቆየ ትዝታ አለው። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በ1622 እ.ኤ.አ. በይፋ ገለጹ። የኢየሱሳውያኑ (የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ) ዋና ማዕከል ከባህር ዳር ማዶ፣ በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ ጎርጎራ ላይ ነበር። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1632 ነገሩ ሲያበቃ የተባለውን ሁላችንም ሰምተናል፦ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ»። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ የሚመለሰው ሃይማኖቱ ራሱ ነው። ሕዝቡማ የትም አልሄደም። ቃሉ በእነዚያ አሥር ዓመታት ማን ምን ሆኖ እንደነበረ ሳይጠይቅ ሁሉንም ወደ ቤቱ ያስገባል። እንዲህ ያለ ብልህ ዓረፍተ ነገር ብዙ አላየሁም።

አማርኛ ለየሃይማኖቱ የተለየ ግስ መስጠት ይወዳል። ሙስሊም ለሆነ ሰው «ሰለመ» እንላለን፤ በአንድ ቃል አለቀ። ፕሮቴስታንት ለሆነው «ጌታን ተቀበለ»፣ ሰፈር ውስጥ ደግሞ «ጴንጤ ሆነ»። ለኦርቶዶክስ «ተጠመቀ» ወይም «ክርስትና ተነሳ»። ይሁዲነትን ለያዘ ሰው ግን አንድ ቃል የለንም። ያለን የመጽሐፍ ቅዱስ ሐረግ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 በበዓለ ሃምሳ ከተሰበሰቡት መካከል አይሁድ አሉ፣ «ወደ ይሁዲነት የገቡ»ም አሉ። «ገባ» ደኅና ግስ ነው። ማንንም አይሰድብም፣ ቀድሞ የት እንደነበረም አይፈርድም። ትውልዱ ሌላ ሆኖ ይሁዲነትን ለያዘ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ስለ «ተጠመቀ» አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቃሉ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጥር 11 ቀን ውሃ የተረጨ ሁሉ «ተጠመቅሁ» ይላል። ጸበል የሄደውም «ሰባት ቀን ተጠመቀ» ይባላል፤ ጸበል የሚሄዱ ሙስሊሞችም አሉ። ስለዚህ «አያቴ ተጠመቁ» የሚለው ብቻውን ሃይማኖት መቀየርን አያረጋግጥም። «ክርስትና ተነሱ» ቢባል ጥርጥር አይኖርም።

ይህ «ተነሳ» ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። ክርስትና ተነሳ፣ አነሳ፣ አስነሳ። ጠመቀን ብንወስድም ያው ነው፤ ተጠመቀ፣ አጠመቀ፣ አስጠመቀ። ግሱ ላይ በሚጨመረው አንድ ወይም ሁለት ፊደል ነገሩ በማን ፈቃድ እንደተደረገ እንናገራለን። ስለ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም ስለ ኢትዮጵያውያን አይሁዳውያን፣ ስንጽፍ ይህች ፊደል ትልቅ ነገር ናት። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት አፄ ይስሐቅ አዋጅ አወጡ ይባላል። የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን «ፈላሲ» (ርስት የሌለው ስደተኛ) ይሁን የሚል ነው። እንዲህ ባለ አዋጅ ሥር ውሃ ውስጥ የገባን ገበሬ «ሃይማኖቱን ለወጠ» ማለት ይከብዳል። የለወጠው መሬቱን ላለማጣት ነዋ! በጦር ተሸንፎ የተጠመቀም ነበረ፤ ለእሱ ትክክለኛው «አስጠመቁት» ነው። በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ረሃብ፣ እህል ፍለጋ ከመንደሩ ወጥቶ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር የቀረ ብዙ ነው። ለእሱ ደግሞ ሁለቱም አይስማሙም። «ክርስቲያን ሆኖ ቀረ» ብል ይሻለኛል።

የሚሲዮኖቹም ጉዳይ ለሰዋስው ተማሪ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1860 እ.ኤ.አ. ሄንሪ አሮን ስተርን የሚባል ሚሲዮናዊ መጣ። እሱ ራሱ ከጀርመን አይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ክርስቲያን የሆነ ሰው ነው። አፄ ቴዎድሮስ እንዲሰብክ ፈቀዱለት። ነገር ግን ያመነው ሰው የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው አሉ። ስለዚህ ስተርን «ሰበከ» እንጂ «አጠመቀ» አይባልም። ተማሪዎች ሁለቱን ሲያቀላቅሉ ቀይ እስክሪብቶዎን ያውጡ።

አሁን ወደ አጎትየው። በመንግሥት ወረቀት ላይ «መመለስ» እና «መግባት» ሁለት የተለያዩ ሕጎች ናቸው። እስራኤል በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «የመመለስ ሕግ» የሚባለው ነው። በ1970 ሲሻሻል፣ አይሁዳዊ ማለት ከአይሁዳዊት እናት የተወለደ ወይም ወደ ይሁዲነት የገባ፣ የሌላ ሃይማኖት አባልም ያልሆነ ሰው ነው ተባለ። ቤተ እስራኤል በዚህ ሕግ መብት እንዳላቸው የእስራኤል መንግሥት በ1975 ተቀበለ። አያቶቻቸው ክርስትና የተነሱት ግን በአብዛኛው በዚህ ሕግ አልሄዱም። የሄዱት «ወደ እስራኤል የመግቢያ ሕግ» በሚባለው ነው፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ «ጊዩር» ይፈጽማሉ። ጊዩር ወደ ይሁዲነት የመግቢያው ሥርዓት ነው። እነሱ «ተመለስን» ይላሉ፣ ፋይላቸው «ገቡ» ይላል።

የዚህ ሥርዓት ማብቂያም ውሃ ውስጥ መጥለቅ ነው። ታዲያ ማንም «ተጠመቀ» አይለውም። «ጊዩር አደረገ» ነው የሚሉት፤ ቃሉ በእስራኤል ካሉ ወገኖቻችን አማርኛ ውስጥ ገብቶ ተላምዷል። እርስዎም ሳያፍሩ ይጠቀሙበት። ግን ከተጠማቂዎቹ ቤተሰብ ውጪ ላሉት፣ ሃይማኖታቸውን ጥለው ለማያውቁት ቤተ እስራኤል፣ ቃሉ ቁስል አለው። በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ለተወሰዱት ረቢዎቹ «ለጥንቃቄ ውሃ ውስጥ ግቡ» ቢሏቸው በ1985 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። ካልወጣንበት እንዴት ግቡ ትሉናላችሁ ነው ነገሩ።

«የኦሪት እምነት» የሚለውን ተማሪዎ በትክክል ተጠቅሞበታል። ሆኖም ጣና ዳር ስንኖር ይህ ቃል ያሳስታል። የጣና ቂርቆስ መነኮሳት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት 800 ዓመት በደሴታቸው እንደቆየች ይተርካሉ። የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባቸው ነበር የሚሏቸውን ድንጋዮችም ያሳያሉ። በእነሱ አፍ ኦሪት የሌላ ሰው ሃይማኖት አይደለም፤ የራሳቸው የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። «ከኦሪት ወደ ወንጌል ተሻገርን» ይላሉ እንጂ «ለወጥን» አይሉም። ለቤተ እስራኤል ደግሞ ኦሪት ዛሬም የሚኖሩበት ሕግ ነው። እንዳይምታታ «የቤተ እስራኤል እምነት» ቢባል ይቀላል። ሌሎችም የጋራ ቃላት አሉን። ካህናቸው «ቄስ» ይባላል። የጸሎት ቤታቸው ድሮ «መስጊድ» ይባል ነበር። በእስራኤል በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል የሆነው «ስግድ»ም «ሰገደ» ከሚለው ነው የመጣው።

ለድርሰቱ ይህን እመክራለሁ። የደራሲው ድምፅና የባለታሪኩ ድምፅ ይለያዩ። ደራሲው የተደረገውን ይንገረን፤ ባለታሪኩ ስሙን ራሱ ያውጣለት። እንዲህ፦ «አያቴ ክርስትና ተነሱ። አጎቴ እስራኤል ሄዶ ጊዩር አደረገ። እሱ ‹ተመለስኩ› ነው የሚለው።» አያትየው በሕይወት ካሉ ወይም አነጋገራቸው ከተላለፈ፣ እሳቸውም ምን ይሉ እንደነበር ይጨመር። «አመንኩ» ብለው ይሆናላ! ልጁ ለአጎቱ ያደረገውን ለአያቱም ያድርግ። ያኔ ሁለቱም «ለወጡ» ያሉት ባልደረባዎ አድልዎ የለም ይላሉ። «ካደ» ያሉት ግን ደስ አይላቸውም፤ ምን ይደረግ።

ስሞቹን ልጨርስ። «አይሁድ» በግእዝ ብዙ ቁጥር ነው። ስለዚህ «አንድ አይሁድ» ስሕተት ነው፤ «አንድ አይሁዳዊ» ይበሉ። «አይሁዶች» የብዙ ብዙ ነው፤ በንግግር ተለምዷል፣ በጽሑፍ ግን አልወደውም። «አይሁድ» ከሰሞነ ሕማማት ንባብ የተነሣ በብዙ ጆሮ የስድብ ድምፅ ይዟል፤ ዛሬ ስለሚኖሩ ሰዎች ሲሆን «አይሁዳውያን» የተሻለ ነው። «ይሁዲ» ያው ነው፤ «ይሁዲነት» ለሃይማኖቱ ጥሩ ስም ሆኖናል። «እስራኤላዊ» የዜግነት ስም ሆኗል፤ እስራኤላዊ ሆኖ ሙስሊም ወይም ክርስቲያን የሆነም አለ።

«ፈላሻ» ከግእዙ «ፈለሰ» ጋር ይያያዛል፦ ከቦታው ተነቀለ፣ ተሰደደ። ነሐሴ ላይ የምንጾማት ፍልሰታም ከዚሁ ግስ ናት። ግሱ በእመቤታችን ጾም ስም ውስጥ ክብር አለው። ሰው ላይ ሲለጠፍ ግን «ርስት የለህም» የሚል ሆነ፤ ቡዳ ከሚለው ስድብ ጋርም አብሮ ተጠራ። ጎንደር አጠገብ ወለቃን ብዙ ሰው ዛሬም «የፈላሻ መንደር» ይለዋል። የጥንት ጽሑፍ ሲጠቅሱ እንዳለ ይተዉት፤ በራስዎ ቃል ግን «ቤተ እስራኤል» ይበሉ። አያቶቻቸው ክርስትና ለተነሱት የሚሰጠውን «ፈላሽ ሙራ» የሚለውን ስምም ባለቤቶቹ አይወዱትም። ደግሞ «ቤተ እስራኤሎች» የሚል እያየሁ ነው። «ቤተ» ራሱ ወገን፣ ቤተሰብ ማለት ስለሆነ ብዙ ቁጥር አያስፈልገውም። «ቤተ እስራኤል ሄዱ» ይበቃል፤ ግሱ ብዛቱን ይናገራል። በግድ ካስፈለገ «ቤተ እስራኤላውያን» ይበሉ።