ከመጀመሪያው የኮምፒውተር ላብ በኋላ የሚጠፉት ተማሪዎች

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ረጅም ነው፤ ብዙ ነገር ጠይቀሻል። እኔን የያዘኝ ግን አንድ አንቀጽ ነው። አብዛኛውን መልሴን ለእሱ እሰጣለሁ፤ ሌላውን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

አንባቢዎች እንዲከተሉን ጉዳዩን ላስቀምጠው። ኮምፒውተር ሳይንስ በከፍተኛ ውጤት ተመርቀሻል፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። የተማርሽበት ግቢ በጂኤነት (በረዳት መምህርነት) ሊያስቀርሽ ይፈልጋል። የሚሰጥሽ የአንደኛ ዓመት ፕሮግራሚንግ ላብ፣ ማለትም በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የልምምድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በተጨማሪ ለፍሬሽማኖች (ለአዲስ ገቢዎች) ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የሚባለውን ኮርስ ታስተምሪያለሽ። አባትሽ "ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ አስተማሪ እንድትሆኚ ነው?" ይላሉ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድምሽ ደግሞ አዲስ አበባ ሂጂ፣ ኩባንያ ውስጥ ሥሪ፣ ከዚያ በዶላር የሚከፈል የርቀት ሥራ ፈልጊ እያለ ይወተውትሻል።

ከዚያ እንዲህ ብለሻል፦ "እኛ ስንጀምር ክፍሉ ውስጥ ብዙ ሴቶች ነበርን። አንድ ሴሚስተር ሳይሞላ አብዛኞቹ ዲፓርትመንት ቀየሩ። አሁን እዚያው ላብ ውስጥ ቆሜ ቀጣዮቹን የማባርረው እኔ እንዳልሆን እፈራለሁ።"

እኔ ብዙ ዓመት እንደዚያ ያለ ላብ ውስጥ ቆሜ አስተምሬያለሁ። ይህ ፍርሃት ያለበት ሰው እዚያ ቢቆም ደስ ይለኛል። ሥራውን ያዢ።

ግቢ ውስጥ "ኮዲንግ ለተፈጠረለት ነው" የሚባል ወሬ አለ። ከተማሪ አፍ ስሰማው ያሳዝነኛል፤ ከመምህር አፍ ስሰማው ያናድደኛል። በመጀመሪያው ሳምንት "ተፈጥሮለታል" የሚባለው ልጅ ማነው? ብዙ ጊዜ ቤቱ ኮምፒውተር የነበረው ነው። ወይም ደህና የግል ትምህርት ቤት ተምሮ ኪቦርድ የለመደ ነው። ወይም ክረምቱን ኮርስ የወሰደ ነው። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ነጻ ኮርስ ይሰጣል፤ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን እሱንም የሚጠቀመው ኢንተርኔት የሚያገኝ ልጅ ነው። ከሩቅ ወረዳ የመጣችው ልጅ በዚያው ሳምንት ገና ማውስ ትለማመዳለች። በሁለቱ መካከል ያለው የጥቂት ወራት ልምድ ነው። መምህሩ ይህን በግልጽ ሳይናገር ካለፈ ልጅቷ ለራሷ መልስ ትሰጣለች። "ደደብ ነኝ" ትልና የዲፓርትመንት ቅያሬ ፎርም ትሞላለች።

ይህ እንደሚቀየር የታየበት ቦታ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃርቪ መድ የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ። ማሪያ ክላዌ በ2006 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሆነው ሲገቡ ኮምፒውተር ሳይንስ ከሚያጠኑት ውስጥ ሴቶቹ 10 በመቶ ገደማ ነበሩ። መምህራኑ የመግቢያውን ኮርስ እንደ አዲስ ሠሩት። ጃቫ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ትተው ፓይተን በተባለው ማስተማር ጀመሩ። ኮድ ነክተው የሚያውቁትንና ጨርሶ የማያውቁትን በተለያየ ክፍል አስቀመጡ። ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር እየቀደመ ሌላውን የሚያስፈራውን ጎበዝ ለብቻው ጠርተው፣ ያንን ወሬ ከክፍል ውጭ ከእነሱ ጋር እንዲያደርገው ይነግሩት ነበር። በአምስት ዓመት ገደማ የሴቶቹ ድርሻ ወደ 40 በመቶ ደረሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ ፒትስበርግ ያለው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1995 እ.ኤ.አ. ከተቀበላቸው የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች 7 በመቶ ብቻ ነበሩ ሴቶች፤ በ2000 እ.ኤ.አ. 42 በመቶ ሆኑ። እዚያ የቅበላ መስፈርቱም ስለተቀየረ ሁሉንም ለኮርሱ አልሰጠውም። ግን እነሱም ለጀማሪና ልምድ ላለው የተለያየ መግቢያ ከፍተው ነበር።

የእነሱ ላብና የእኛ ላብ እንደማይወዳደር አውቃለሁ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ተማሪ ይቀመጣል። መብራት ይሄዳል። ኮርሱ በሲ ፕላስ ፕላስ ስለሆነ ጂኤ ሆነሽ ቋንቋውን አትቀይሪም። የላቡ ሰዓት ግን ያንቺ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዚያ የሚሆነውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ተማሪ የሚቆየውም የሚጠፋውም በእነዚያ ሳምንታት ነው።

እንዴት እንደሚጠፉ አይተሻል። ልጅቷ ከሃንድአውቱ (ከሚታደለው የላብ ወረቀት) ላይ ስምንት መስመር ኮድ ትገለብጣለች። ኮምፓይል ስታደርገው፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ ስታስተረጉመው፣ በእንግሊዝኛ የስህተት መልእክት ይወጣል፤ ሰባተኛው መስመር ላይ ችግር አለ ይላታል። ሰባተኛውን መስመር ደጋግማ ታነበዋለች። ምንም የለውም። የጎደለው ሴሚኮሎን (;) ስድስተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ነው፤ ኮምፓይለሩ ግን ግራ የገባው ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ነው። ይህን ማንም አልነገራትም። አጠገቧ ያለው ልጅ እጁን አሻግሮ ሴሚኮሎኗን ይጨምርላታል፤ ኮዱ ይሠራል። ልጁ ደግ ነው፤ ክፋት የለበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ኪቦርዱ የሱ ነው፤ እሷ ተመልካች ናት። ለፈተና ትሸመድዳለች። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሌላ ዲፓርትመንት ታገኛታለሽ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ላብሽ ስህተት የማንበብ ላብ ይሁን። የሚሠራ ኮድ ስጫቸውና ሆን ብለው ያበላሹት። ሴሚኮሎን ያጥፉ፣ ቅንፍ ያጉድሉ፣ የቫሪያብሉን (የቁጥር መያዣውን) ስም በአንድ ፊደል ያሳስቱ። እያንዳንዱ ብልሽት ምን መልእክት እንደሚያወጣ፣ የትኛውን መስመር እንደሚጠቁም ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ስህተቱን ራሳቸው ስለሠሩት አያፍሩም። በሚቀጥለው ሳምንት ያው መልእክት ሳይፈልጉት ሲመጣባቸው ያውቁታል። ኪቦርዱ ደግሞ በየ15 ደቂቃው ከእጅ ወደ እጅ ይለፍ። ሰዓት ይዘሽ "ቀይሩ" በይ፤ ለጨዋነታቸው አትተዪው።

መብራት የሄደ ቀንም ትምህርት አይቅር። አንድ አጭር ፕሮግራም አስቀድመሽ በወረቀት አትሚው፤ መስመር በመስመር በመቀስ ቆራርጠሽ አደበላልቂውና በትክክለኛው ቅደም ተከተል ይደርድሩት። ይህን ልምምድ በ2006 እ.ኤ.አ. ሁለት የኒውዚላንድ መምህራን ናቸው ያስተዋወቁት፤ በአንዷ ስም የፓርሰንስ ጥያቄ ይባላል። ተማሪዋ ከሴሚኮሎን ጋር ሳትታገል ስለ አካሄዱ ብቻ ታስባለች። የቡድኑ ክርክርም ጥሩ ነው፤ "ይቺ መስመር ከሉፑ (ከሚደጋገመው ክፍል) ውስጥ ናት ወይስ ውጭ?" እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ብዙ ይማራሉ።

አሳይመንቶቹን በተመለከተ ደግሞ ጠንካራ አቋም አለኝ። በየግቢው የሚዞረው ሃንድአውት ዛሬም ፋራናይትን ወደ ሴልሺየስ ቀይሩ ይላል። በሕይወቷ በፋራናይት ሙቀት ለክታ ለማታውቅ ልጅ ይህ ምን ይላታል? የዘመን አቆጣጠር ስሌታችን፣ ባሕረ ሐሳብ፣ እያለን! ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሪ፤ ለ4 አካፍዪና ቀሪውን እዪ። 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ 3 ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። 2018ን ሞክሪ፦ 7518 ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ማርቆስ። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በሉቃስ ነው፤ 2015 እንደዚያ ነበር። እዚህች ትንሽ ሒሳብ ውስጥ ቫሪያብል አለ፣ ሞዱለስ (የማካፈል ቀሪ) አለ፣ ኢፍና ኤልስ ("ከሆነ" እና "ካልሆነ") አለ። የበዓላት ቀን የሚወጣባቸውን መጥቅዕና አበቅቴ ማውጣት ሲጀምሩ ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት ደጋግሞ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ራሱ ያስፈልጋቸዋል። ትክክል መሆኑን ደግሞ ግድግዳ ላይ ካለ ካላንደር ያረጋግጣሉ፤ መምህር መጠየቅ አያሻቸውም። ክፍልሽ ውስጥ ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ልጆች ስላሉ በወንጌላውያኑ ስም ፋንታ "ጳጉሜን ዘንድሮ ስንት ቀን ናት?" ብለሽ ጠይቂ። ሒሳቡ ያው ነው።

ትርፍ ሰዓት ካገኘሽ ያንኑ በፓይተን አሳያቸው። የፓይተን ቫሪያብል በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። ቦርዱ ላይ

ቀሪ = (5500 + ዓመት) % 4

ብለሽ ጻፊ፤ ኮምፒውተር ላይ ከዚህ መስመር በፊት ዓመት = 2018 ብለሽ ራን አድርጊው። ይሠራል። ሲዳምኛ የምትናገረውም ሶማልኛ የሚናገረውም ለቫሪያብሉ በራሳቸው ቋንቋ ስም ያውጡለት። እንግሊዝኛው ኋላ ይመጣል፤ መጀመሪያ ሐሳቡ ይግባቸው።

ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂን "የማይረባ ኮርስ ጫኑብኝ" ብለሻል። እዚህ ላይ አልስማማም። ብዙ ፍሬሽማን ዲፓርትመንት ከመምረጡ በፊት ስለ ሙያችን የሚሰማው እዚያ ነው። ችግሩ ሞጁሉ የትርጓሜ ክምር መሆኑ ነው። ዳታ ሳይንስ ማለት፣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ማለት፣ ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ ማለት እያለ ይሄዳል፤ ተማሪው ለሚድ ፈተና ይሸመድድና ይረሳዋል። አንቺ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሞጁሉን ዝጊው። አምስት ካርቶን ይዘሽ ግቢ፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8ና 16 ነጥብ ሥዪባቸው። አምስት ተማሪዎች ይዘዋቸው ፊት ይቁሙ። ከክፍሉ አንዱ የተወለደበትን ቀን ይናገር፤ እነሱ ካርቶኑን እየገለጡና እየደበቁ ቁጥሩን ያውጡት። 13 ካለ 8፣ 4ና 1 ይገለጣሉ። በአምስቱ ካርቶን እስከ 31 ይደረሳል፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ የማንም ልደት አይቀርም። ባይነሪን፣ ኮምፒውተር የሚጠቀምበትን ባለ ሁለት አኃዝ አቆጣጠር፣ ሳይሸመድዱ አወቁት ማለት ነው። ይህም ከኒውዚላንድ የመጣ ነው፤ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲው ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ካዘጋጁት ያለ ኮምፒውተር የማስተማሪያ ስብስብ ነው። ቀጥሎ ሦስተኛ ዓመት የደረሰች ሴት ተማሪ ጋብዢና የሠራችውን ፕሮጀክት ታሳይ፤ መጀመሪያ ላይ ምን እንደከበዳትም ትንገራቸው። ልጆቹን ዲፓርትመንቱ ውስጥ ማየት ከፈለግሽ ከማስታወቂያ ይልቅ ይህ ይሠራል።

አሁን ወደ ቤትሽ ልምጣ። አባትሽን አከብራለሁ፤ ንጽጽራቸው ግን ልክ አይደለም። እጅሽ የገባን ሥራ ገና ካልተገኘ ሥራ ጋር ነው የሚያወዳድሩት። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው የሶፍትዌር ቅጥር ማስታወቂያ ልምድ ይጠይቃል። ያለ ልምድ የሚወስዱሽ ብዙ ጊዜ በኢንተርንነት (በተለማማጅነት)፣ በትራንስፖርት ገንዘብ ነው። የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ወንድምሽም የርቀት ሥራን ቀላል አድርጎ ነግሮሻል። ለእነዚያ ሥራዎች የምትወዳደሪው ከናይሮቢና ከሌጎስ ከሚያመለክቱ፣ ዓመታት ከሠሩ ሰዎች ጋር ነው። ሊረዳሽ ከፈለገ ደህና ላፕቶፕ ይላክልሽ፤ ያ ትልቅ እርዳታ ነው።

የጂኤ ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ይህን አልሸፍንልሽም። ግን የሁለቱን ታናናሾችሽን ወጪ አባትሽ ካሁኑ ላንቺ መመደባቸውን ጽፈሻል። ይህ አግባብ አይደለም። ወላጅን መርዳት ያደግንበት ነው፤ እኔም ረድቻለሁ። የመጀመሪያ ደመወዟን ያልተቀበለች ልጅ ላይ የቤቱን ባጀት መጫን ግን ሌላ ነገር ነው። በየወሩ የምትሰጪውን አንቺ ቁረጪ። ትንሽም ቢሆን የማይቋረጥ ይሁን። ከመጀመርሽ በፊት ለአባትሽ ቁጭ ብለሽ፣ በአክብሮት፣ ቁጥሩን ጠቅሰሽ ንገሪያቸው። ጎን ለጎን ለከተማው ክሊኒክ ወይም ሆቴል ትንሽ ሲስተም መሥራት ትችያለሽ፤ ገንዘብም ሲቪም ነው።

የቀሩትን ቶሎ ልመልስ። ማስተርስ፦ ግቢው የሚልክሽ ውል አስፈርሞ ነው፤ ስንት ዓመት ተመልሰሽ እንደምታገለግዪ፣ ብትለቂ ምን እንደምትከፍዪ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። "ድምፄ ይንቀጠቀጣል" ላልሽው፦ ላብ ውስጥ ሥራሽ ከወንበር ወንበር እየዞርሽ ማየት ነው፤ ድምፁ እየቆየ ይመጣል። ወንዶቹ ያከብሩኛል ወይ? ኮዳቸው ሲሠራ ያከብሩሻል። ኤአይ ኮድ ከጻፈ ማን ይማራል? ማሽኑ የጻፈው ልክ መሆኑን አንብቦ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ስህተት የማንበቡ ላብ ለዚህም ነው።

ከመፈረምሽ በፊት የዲፓርትመንቱን ኃላፊ አንድ ነገር ጠይቂ፦ የላብ ግሩፖቹ በስም ዝርዝር ተራ መከፈላቸው ቀርቶ በልምድ እንዲከፈሉ ይፈቀድልኝ በይ። "ከዚህ በፊት ኮድ ጽፈህ ታውቃለህ?" የሚል የአንድ ጥያቄ ፎርም ይበቃል፤ በጀት አይጠይቅም። ከፈቀዱ ግማሽ መንገድ ሄደሻል። ካልፈቀዱም ፈርሚና በአንዱ ላብ ውስጥ ለጀማሪዎቹ የራሳቸውን ረድፍ ስጫቸው፤ ብዙውን ጊዜሽንም እዚያ አሳልፊ። የመጀመሪያውን የላብ ወረቀት ስታዘጋጂ ላኪልኝ፤ ሴሚስተሩ ሳይከፈት አብረን እናየዋለን።