መልስ፦ የዱባዩ ረጅም ሕንፃ ቡርጅ ካሊፋ ወደ ላይ ለምን እየቀጠነ ይሄዳል?
«ለውበት ብቻ ነው ወይ?» ላልከው፣ አይደለም፤ ዋናው ጠላት ነፋስ ነው። ነፋስ ወጥ ቅርጽ ያለውን ረጅም ሕንፃ ሲመታ በግራና በቀኝ ጎኑ ተራ በተራ አዙሪት ይፈጥራል። የአዙሪቱ ምት ከሕንፃው የራሱ የመወዛወዝ ምት ጋር ከገጠመ፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ በልኩ ሲገፋ እንደሚከንፈው፣ ውዝዋዜው እየጨመረ ይሄዳል። 828 ሜትሩ ቡርጅ ግን ስፋቱ ከታች እስከ ላይ ስለሚለዋወጥ አዙሪቶቹ በየከፍታው ምታቸው ይለያያል፤ ተባብረው አይገፉትም። ከመሃል ወደ ውጭ የተዘረጉት የሕንፃው ሦስት ክንፎች መሃሉን፣ ባለ ስድስት ጎኑን የኮንክሪት እምብርት፣ ከሦስት አቅጣጫ ይደግፉታል፤ እምብርቱ በተራው ክንፎቹ እንዳይጠማዘዙ ይይዛቸዋል። የታይዋኑ ረጅም ሕንፃ ታይፔይ 101 የመረጠው ሌላ መንገድ ነው፦ ውዝዋዜውን ለመቀነስ 660 ቶን የሚመዝን የብረት ኳስ ከላይኞቹ ፎቆች ውስጥ በወፋፍራም የብረት ገመድ አንጠልጥሏል። የቡርጅን ቁመት ግን በጥርጣሬ እየው፤ የላይኛው 240 ሜትር ገደማ ሰው አይኖርበትም፣ አይሠራበትም።